ትንፋሽና ማሰሪያ አንቀጽ

አማርኛ አድማጩን የሚያስጠብቅ ቋንቋ ነው። ባለቤቱ ይቀድማል፣ ተሳቢው ይከተላል፤ የነገሩ ፍሬ የሆነው ማሰሪያ አንቀጽ ግን መጨረሻ ላይ ይመጣል። በወረቀት ላይ ይህ አያስቸግርም፤ ዐይን ወደ ኋላ ተመልሶ ያነባል። ጆሮ ግን መመለሻ የለውም። ከማሰሪያው በፊት ትንፋሹ ያለቀበት ተናጋሪ አድማጩን መንገድ ላይ ጥሎት ይቀራል።

ይህን እንዳስብ ያደረገኝ የእህቴ ልጅ ነው። እዚሁ ናይሮቢ ተወልዶ ያደገ የ19 ዓመት ወጣት ሲሆን፣ አዳዲስ የቪዲዮ ጌሞችን እየተጫወተ ጥሩና መጥፎ ጎናቸውን በድምፁ እየተነተነ ይቀዳል። በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ ሲያወራ እንደ ውኃ ይፈሳል። በአማርኛ ሲሞክር ግን ይደናቀፋል፤ አንዱን ዐረፍተ ነገር አምስት ስድስት ጊዜ ይደጋግመዋል። «ጋሼ፣ ቤት ውስጥ በአማርኛ ስቀልድ ምንም አልሆንም፤ ማይክሮፎን ፊት ስቀመጥ ለምንድን ነው እንደ ዜና አንባቢ የምሆነው?» አለኝ። አማርኛውን እርግፍ አድርጎ ሊተወው ተቃርቦ ነበር።

የሚያነበውን ጽሑፍ እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። አንዷ ዐረፍተ ነገር እንዲህ ትላለች፦ «ይህ ጨዋታ እጅግ ውብ የሆነ ምስል ያለው ሲሆን፣ ነገር ግን መቆጣጠሪያው አስቸጋሪ ከመሆኑ የተነሣ በአዲስ ተጫዋቾች ዘንድ ተቀባይነትን ሊያጣ እንደሚችል ይታመናል።» ለብዙ ዓመታት በትርጉም ሥራ የኖረ ሰው ይህችን ዐረፍተ ነገር የትም ቢያገኛት ያውቃታል። በእንግሊዝኛ ታስባ አማርኛ የለበሰች ናት። ትንፋሽ የሚወሰድበት ቦታ የላትም፤ መጨረሻ ላይ ስንደርስም «ይታመናል» ብላ ታበቃለች፣ የሚያምነው ማን እንደ ሆነ ግን አትነግረንም።

«አንተ ጌሙን እንዴት አገኘኸው?» አልኩት። «ምስሉ ያምራል። መቆጣጠሪያው ግን ያስቸግራል። እኔ ሁለት ሰዓት ተጫውቼ ሰለቸኝ» አለ፤ አንዴም ሳይደናቀፍ። ይህንኑ እንዲጽፍ ነገርኩት። ምላሱን ያሰረው የአማርኛ እጥረት አልነበረም፤ የራሱን ፍርድ ማንም ባልሆነ ሰው አፍ ለመናገር መሞከሩ ነበር።

ቀጥሎ ያገኘነው እንቅፋት ከፊደላችን የሚመጣ ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ለይቶ አያሳይም። «ዋና» ሲላላ በውኃ ላይ የሚዋኘው ነው፤ ሲጠብቅ ዋነኛ ማለት ነው። «ገና» ሲላላ ጊዜው አለመድረሱን ይነግረናል፤ ሲጠብቅ የልደት በዓል ይሆናል። «ይበላል» ብሎ የተጻፈው በዪና ተበዪን የሚለየው በድምፅ ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ሲያወራ የማይስተው ልጅ ሲያነብ «ዋናው ገጸ ባሕርይ» የሚለውን አላልቶት ጀግናውን ዋናተኛ አደረገው። ከዚያ ወዲህ ከመቅዳቱ በፊት በሚጠብቁት ፊደላት ላይ በእርሳስ ነጥብ ያኖራል።

በባዕድ ቃላትም ተከራክረናል። የጽሑፍ አማርኛ ይከበር ብሎ «የምስል ቅንብር ጥራት» እያለ ሲጨነቅ አየሁት። በጌም ቤት «ግራፊክስ» እና «ሌቭል» የሚል ሰው ለአድማጩ የሚገባውን ቃል መናገሩ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ «ፊፋ» ይባል የነበረው የእግር ኳስ ጌም በ2023 ስሙ ተለውጦ «ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ» ተብሏል፤ ብዙ ተጫዋች ግን ዛሬም ፊፋ ነው የሚለው። አዲሱን ስም አንድ ጊዜ በትክክል ተናግሮ ከዚያ በተለመደው መቀጠል ይበቃል።

የቀረው የእጅ ሥራ ነው። ማይክሮፎኑ ከአፍ አንድ ስንዝር ርቆ፣ በትንሹ ወደ ጎን ዘንበል ይላል፤ አለዚያ «ፕሌይስቴሽን» በተባለ ቁጥር የ«ፕ» አየር እንደ ንፋስ ይመታዋል። ልብስ የሞላው ቁም ሣጥንና ብርድ ልብስ የክፍሉን ገደል ማሚቶ ይውጣሉ። ሲሳሳት መቅረጫውን አያጠፋም፤ አንድ ጊዜ አጨብጭቦ ዐረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው ይደግመዋል። ጭብጨባው በድምፁ ሥዕል ላይ ስለሚታይ በኋላ ቆርጦ ለማውጣት ይቀላል። ቃል ሲጠፋው «እንትን» ከማለት ዝም እንዲል መክሬዋለሁ። ዝምታ ትንፋሽ ይሰጣል፤ «እንትን» ግን የጠፋውን ቃል ይሸፍናል እንጂ አያመጣውም።

በአማርኛ ፈጥኖ መናገር አይቻልም የሚሉ ወጣቶች ደምሴ ዳምጤን ያልሰሙ ናቸው። በ1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፋ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ ያስተላለፈውን ዘገባ የዚያ ዘመን ሰዎች እስከ ዛሬ ያነሡታል። የኳስ ዘጋቢ ከወረቀት ማንበብ አይችልም፤ ዐረፍተ ነገሩ ኳሱን ተከትሎ ያጥራል፣ ይረዝማል፣ ይቆማል።

የእህቴ ልጅ አሁንም አልፎ አልፎ ይደናቀፋል፤ ጥቂቱንም ሳይቆርጥ ይተወዋል። እኔን የሚያሳስበኝ መደናቀፉ አይደለም። በስደት ያደጉ ልጆቻችን አማርኛን ለሰላምታና ለምግብ ስም ብቻ አስቀርተው፣ የሚወዱትን ነገር መዝነው የሚፈርዱበትን ቋንቋ ከሌላ ቤት እንዳይበደሩ ነው። ጌም ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን «ያምራል፣ ግን ያስቸግራል» ብሎ በራሱ አፍ የፈረደ ልጅ፣ ነገ ስለ ከበደ ጉዳይም በዚሁ ቋንቋ መናገር አያቅተውም።