ስፖርተኛውና የቤቱ ወተት

ወተት ጠቃሚ ምግብ መሆኑን ለጎንደር እናቶች መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ዛሬ ለማንሳት የፈለግሁት ግን የወተትን ደግነት ሳይሆን፣ ሰውነቱን ለማጠንከር ስፖርት የጀመረ ሰው ምን ያህል ቢጠጣ ይበቃዋል፣ ለቀሪው ቤተሰብስ ምን ይተርፋል የሚለውን ነው።

ነገሩ የመጣው ከራሴ ዘመድ ቤት ነው። አዘዞ አካባቢ የምትኖረው ታላቅ እህቴ አንዲት የሐበሻ ላም አለቻት። ላሚቱ ጥጃው ከጠባ በኋላ፣ በደህና ቀን ሁለት ሊትር ያህል ትታለባለች። የእህቴ የመጀመሪያ ልጅ 19 ዓመቱ ሲሆን፣ በሰውነት ማጎልመሻ ቤት፣ ወጣቶቹ ጂም በሚሉት፣ ክብደት ማንሳት ጀምሯል። ጓደኞቹም «በቀን ሁለት ሊትር ወተት የማይጠጣ ሰው ጡንቻ አያወጣም» ብለውታል። ስለዚህ የጠዋቱም የማታውም እልባት የእርሱ ሆነ። የ15 ዓመት እህቱና የሦስት ዓመት ታናሽ ወንድሙ ቁርሳቸው ሻይ በዳቦ ነው።

«እትዬ፣ ልጅቷስ?» ብዬ ብጠይቃት፣ «እርሷ ምን ክብደት ታነሳለች ብለሽ ነው?» አለችኝ። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ 20 ሊትር ውሃ በጀሪካን አዝላ ዳገት የምትወጣ ናት። ሚዛን ላይ ቢወጣ ሃያ ኪሎ ነው። በብረት ካልሆነ ክብደት አይባል ይሆን?

እስቲ ሂሳቡን እንመልከተው። አንድ ሊትር ቅባቱ ያልተገፈፈ የላም ወተት 32 ግራም ያህል ፕሮቲን፣ ከ1 ግራም የማያንስ ካልሲየምና ከ600 በላይ ካሎሪ ይሰጣል። ለአንድ ጎልማሳ በቀን የሚያስፈልገው ካልሲየም 1 ግራም ያህል ስለሆነ፣ ሁለተኛው ሊትር ለአጥንት የሚጨምረው ፋይዳ የለም። ክብደት የሚያነሳ ሰው ለእያንዳንዱ የሰውነቱ ኪሎ በቀን 1.6 ግራም ያህል ፕሮቲን ቢያገኝ ይበቃዋል። ስለዚህ 60 ኪሎ ለሚመዝነው ልጃችን 96 ግራም ማለት ነው። ይህንንም ከሽሮው፣ ከምስሩ፣ ከእንቁላሉና ከእንጀራው ጭምር ነው የሚያገኘው። ካሎሪውን በተመለከተ ደግሞ፣ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 10 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ የሚያቃጥለው 600 ያህል ነው። ሁለት ሊትር ጠጥቶ፣ አንድ ሰዓት ብረት አንስቶ፣ ቀኑን ተቀምጦ የሚውል ሰው ትርፉን የት ያደርሰዋል? የእኛው ስፖርተኛ ከክንዱ ይልቅ ሆዱ ቀድሞታል። በጣም የከሳና ኪሎ መጨመር የሚፈልግ ወጣት ቢሆን ኖሮ ወተቱን አልነቅፍበትም ነበር።

ሌላም ችግር አለ። ወተት ብረት የተባለው ማዕድን እምብዛም የለበትም፤ ከምግብ ጋር ሲጠጣም ካልሲየሙ በምግቡ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያውካል። የወር አበባ የምታይ ልጃገረድ ብረት ከወንድሟ ይበልጥ ያስፈልጋታል። ስለዚህ ወተቱን ከምሳዋ ጋር ሳይሆን ለብቻው ብትጠጣው ይሻላል። ሕፃኑም ቢሆን «ወተት ነው» ተብሎ ያለ ልክ ቢሰጠው ጠግቦ ሌላውን ምግብ ይተወዋል፤ ከዚያም የደም ማነስ ይከተላል። ለሦስት ዓመት ልጅ ግማሽ ሊትር በቂ ነው።

ወተት ሲጠጡ ሆዳቸው የሚነፋና የሚያስቀምጣቸው ሰዎችም ብዙ ናቸው። ይህ የሚመጣው የወተትን ስኳር የሚፈጨው ኃይል ከልጅነት በኋላ በብዙ ሰው ላይ ስለሚቀንስ ነው። እንደ አፋር ባሉ አርብቶ አደሮች ዘንድ ወተት የሚስማማው ሰው ይበዛል፤ በደጋው ግን ብዙዎችን ያስቸግራል። መፍትሔው ሩቅ አይደለም፤ ወተቱ ሲረጋ ስኳሩ ስለሚቀንስ እርጎ ለሆድ ይቀላል። ለመቅጠን ስፖርት የሚሠሩ እህቶች ደግሞ ቅባቱ የተገፈፈ ወተት በውድ ከመፈለግ አሬራን ቢያስቡ መልካም ነው። ቅቤው ወጥቶለታል፤ ፕሮቲኑ ግን አለ። እነዚያ በቆርቆሮ የሚሸጡት ዌይ የሚባሉት ዱቄቶችም የሚሠሩት ከአይብ ከሚተርፈው አጓት ነው፤ አጓቱ ይጣራል፣ ይደርቃል፣ ዋጋው ሰማይ ይነካል። የቤታችን አጓት ውሃ የበዛበት ስለሆነ ከዱቄቱ እኩል ነው አልልም፤ ነገር ግን ስሙን ሰምቶ መደንገጥ አያስፈልግም።

«ጥሬው ኃይል ይሰጣል» እያሉ ሳይፈላ የሚጠጡም አሉ። ኃይሉ በመፍላት አይጠፋም፤ የሳንባ ነቀርሳና የብሩሴላ ተሕዋስያን ግን ይሞታሉ።

የእህቴን ልጅ ይህን ሁሉ ስነግረው፣ «አክስቴ፣ አንቱ ስፖርት አያውቁም» አለኝ። እኔም «ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብም አለ። ያን ጊዜ ጡንቻህን ምን ታበላዋለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። እርሱ የሚጾም ልጅ ስለሆነ ይህን አላሰበበትም ነበር። 100 ግራም ደረቅ ባቄላ 26 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ ሽምብራም 20 ያህል። የወገራና የደባርቅ ገበሬ ያን ሁሉ ዳገት የሚወጣው በእነዚህ ነው።

ከዚህ በኋላ በፍስክ ቀን ወተቱ ለአራት ተከፈለ። ግማሽ ሊትር ስፖርቱን ሲጨርስ ለወጣቱ፣ ግማሽ ሊትር ተፈልቶ ለሕፃኑ፣ ግማሽ ሊትር ለልጅቷ፣ የቀረው ለቅሉ። እህቴ የራሷን ድርሻ ብጠይቃት፣ የእርሷ ቅቤው እንደሆነ ነገረችኝ። ቅቤውን ቅዳሜ ገበያ ወስዳ ትሸጠዋለች፤ ለልጇ የጾም ሽምብራ የምትገዛውም በዚያው ገንዘብ ነው።