ከወረደው ቡድን ጋር የዋልኩበት እሑድ

ልጄ የሚኖረው በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ኒውካስል በምትባል ከተማ ነው። ከለንደን በባቡር ሦስት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሄድኩት በግንቦት 2008 ዓ.ም.፣ ከሒሳብ ሠራተኛነት ጡረታ በወጣሁ በዓመቱ ነበር። ሐሳቤ የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጄን አይቼ፣ በርበሬውንና ሽሮውን አድርሼ መመለስ ነው። ኳስ ትዝም አላለኝ። ለካ እዚያች ከተማ ገብቶ ከኳስ መሸሽ አይቻልም!

ባቡሩ ከተማዋ ሊገባ ሲል ታይን የተባለውን ወንዝ ይሻገራል። በመስኮት ስትመለከቱ ድልድይ ከድልድይ ኋላ ተደርድሮ ይታያል። ዝነኛው በፈረንጆቹ 1928 የተከፈተው የብረት ቅስት ነው። በግንቦት ከባሕር የመጡ ነጫጭ ወፎች በየብረቱ ጥግ ጎጆ ሠርተው ሲንጫጩ ይውላሉ። ከወንዙ ዳገቱን ስትወጡ ደግሞ መሃል ከተማው ላይ ስታዲየሙ ተገትሮ ታገኙታላችሁ። ሴንት ጀምስ ፓርክ ይባላል፤ ከ52 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል። እኛ አገር ለቤተ ክርስቲያን ከፍ ያለ ቦታ እንደሚመረጥ፣ እነርሱ ከፍታውን ለኳስ ሰጥተውታል። አካባቢው በድንጋይ ከሰልና በመርከብ ሥራ የኖረ ነው። የከሰል ጉድጓዶቹ ተዘጉ፤ መርከብ መሥሪያዎቹም አንድ በአንድ ቆሙ። ጥቁርና ነጭ መለያ የሚለብሰው ቡድን ግን አለ።

የደረስኩት ረቡዕ ነበር። ማታ እራት ቀርቦ የሚበላ ጠፋ። አባትና ልጅ ቴሌቪዥኑ ላይ አፍጥጠዋል። የሚጫወተው የእነርሱ ቡድን እንኳ አይደለም፤ የጎረቤት ከተማው ባላንጣቸው ሰንደርላንድ ነው። ሰንደርላንድ ኤቨርተንን 3 ለ 0 አሸነፈ፤ በዚያው ኒውካስል ከፕሪሚየር ሊጉ መውረዱ ተረጋገጠ። የልጅ ልጄ ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ።

«ምነው፣ ሰው ሞተ ወይ?» አልኩ።

«ተወው አባዬ፤ የዓመታት ነገር ነው» አለኝ ልጄ።

የዓመታቱን ነገር ያወጋኝ በማግስቱ ወንዙ ዳር ስንንሸራሸር ነው። እንደ እርሱ አነጋገር በፈረንጆቹ አቆጣጠር ልንገራችሁ። ክለቡን በ2007 የገዛው ማይክ አሽሊ የተባለ የስፖርት ልብስ መደብሮች ባለሀብት ነው። መጀመሪያ ላይ የቡድኑን መለያ ለብሶ ከደጋፊው መሃል ሲቀመጥ ሕዝቡ ወደደው። በ2008 ተወዳጁ አሠልጣኝ ኬቪን ኪጋን ከአመራሩ ጋር በተጫዋቾች ዝውውር ተጣልቶ ሲለቅ ግን ፍቅሩ ቀዘቀዘ። በ2009 ቡድኑ ወረደ፤ በዓመቱ ተመለሰ። በ2011 የዚያው አካባቢ ልጅ የሆነው አንዲ ካሮል በ35 ሚሊዮን ፓውንድ ለሊቨርፑል ተሸጠ። በዚያው ዓመት የስታዲየሙ ስም በባለቤቱ መደብር ስም ተለወጠ፤ የጥንቱ ስም የተመለሰው በቀጣዩ ዓመት ነው። በ2012 ቡድኑ 5ኛ ወጥቶ ሁሉም ተስፋ አደረገ። በ2013 ክረምት ግን ለዋናው ቡድን በውሰት ከመጣ አንድ አጥቂ በቀር ማንም አልተገዛም። በወራት ውስጥ ደግሞ የመሃል ሜዳው ሞተር ዮሃን ካባዬ ለፓሪስ ተሸጠ።

እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ፤ ሳላስበው ለባለቤቱ ወገንኩ። «ክለቡን ሲገዛው ዕዳ ነበረበት፤ የራሱን ገንዘብ ያለ ወለድ አበድሮ አቆመው አልክ። ዘንድሮም ለተጫዋች ወደ 80 ሚሊዮን ፓውንድ አወጣ አልክ። ታዲያ ምን ያድርግ?»

«ጣሪያው ለዓመታት ሲያፈስ ዝም ያለ ሰው፣ ቤቱ ሊፈርስ ሲል ቆርቆሮ ይዞ ቢመጣ ምን ይረባል?» አለኝ። ቀጥሎም «አንተ ደግሞ መቼም የምትደግፈው የሚቆጥበውን ነው» ብሎ ሳቀ። ሳቁ አልጣመኝም።

እሑድ ግንቦት 7 የዓመቱ መጨረሻ ጨዋታ ከቶተንሃም ጋር ነበር። ልጄና የልጅ ልጄ የዓመት ትኬት አላቸው። ለእኔ የተገኘው ወንበር በብስጭት ከቀረ ጓደኛው ነው። የወረደ ቡድን ማን ሊያይ ይመጣል ብዬ ነበር። ከመሃል ከተማው ወደ ዳገቱ ሰው እንደ ጎርፍ ይተማል፤ ባልቴቶች ሻርፕ አንገታቸው ላይ ጠምጥመዋል፣ አባቶች ሕፃናትን ትከሻቸው ላይ አስቀምጠዋል። ከስታዲየሙ ውጭ የሰር ቦቢ ሮብሰን ሐውልት ቆሟል። የማዕድን ቆፋሪ ልጅ ናቸው፤ ከ1999 እስከ 2004 ቡድኑን አሠልጥነዋል። የልጅ ልጄ በእጁ እያመለከተ፣ በዚያ በሚጎተት አማርኛው፣ «አባባ፣ እኚህ ሰውዬ ይወዱን ነበር» አለኝ። እርሱ ሲወለድ ሮብሰን ከሄዱ ዓመታት ሆኗቸዋል።

የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሱ ይሆናል፤ ቤታችሁ የአርሰናል ደጋፊ ካለ በተለይ። የወረደው ቡድን ቶተንሃምን 5 ለ 1 አሸነፈ። 2 ለ 1 እየመራ አንድ ተጫዋች በቀይ ካርድ ወጣበት፤ በ10 ሰው ቀርቶ ሦስት ጎል ጨመረ። አርሰናል በዚያው ዕለት አሸንፎ ቶተንሃምን ቀድሞ ሁለተኛ ሆነ። ልጄ ስልኩን ሲያይ እህቱ ከአዲስ አበባ አሥር ጊዜ ደውላለች! ሕዝቡ ግን ከጎሉ ይልቅ በመጋቢት ወር የመጣውን አሠልጣኝ ራፋኤል ቤኒቴዝን ስም እየጠራ እንዳይሄድ በዘፈን ይለምን ነበር።

ለዕረፍት ሲወጡ ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ ከፔርሙሳቸው ሻይ ቀዱልኝ። ከእኔ ጥቂት ከፍ ይላሉ። ባለቤቱ እኮ ቆጣቢ ነው፣ ቁጠባ ምን ክፋት አለው አልኳቸው። አልተቆጡም።

«መሸነፉን ለምደነዋል» አሉኝ። «የአገር ውስጥ ዋንጫ የመጨረሻው የ1955ቱ ነው፤ ያኔ ሕፃን ነበርኩ። አባቴ ተሸናፊ ቡድን አውርሰውኝ ሞቱ፤ አልተቀየምኳቸውም፤ ከጎኔ ተቀምጠው አብረው ይናደዱ ነበራ። ገንዘቡን ይቆጥብ፤ የእርሱ ነው። እኔን ያንገበገበኝ፣ ብናሸንፍም ብንሸነፍም ግድ ያለው አለመምሰሉ ነው።»

ሻዩን ይዤ ቀረሁ። እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ልጄ የ12 ዓመት ልጅ ሳለ ጃን ሜዳ ላይ ለሰፈሩ ቡድን ይጫወት ነበር። ለአንድ ውድድር ታኬታ ግዛልኝ አለኝ። ገንዘቡ ነበረኝ፤ ለቤት መሥሪያ የያዝኩት ነው። «ኳስ እንጀራ አይሆንህም» ብዬ መለስኩት። በላስቲክ ጫማ ተጫወተ። ለታኬታው ዛሬም ልከራከር እችላለሁ፤ ቤቱ ተሠርቷል፣ ልጆቼ ያደጉት እዚያ ነው። ነገር ግን ከቤታችን ጃን ሜዳ በእግር አሥር ደቂቃ ነበር። ቆሞ ማየት አንድ ሳንቲም አያስከፍልም። አንድም ቀን አልሄድኩም። የሒሳብ መዝገቤ ላይ ይህ ወጪ የት እንደሚጻፍ አላውቅም።

ከልጄ አጠገብ ተቀምጬ ኳስ ሳይ ያ እሑድ የመጀመሪያዬ ነበር። ልጄ ያኔ 38 ዓመቱ ነው። አራተኛው ጎል ሲገባ ሦስታችንም ተቃቅፈን ቆምን። ያን ጊዜ «ጃን ሜዳ አለመምጣቴ ጥሩ አልነበረም» አልኩት። ጩኸት ስለነበር የሰማኝ አልመሰለኝም። ስንወጣ ግን፣ ደረጃውን ስንወርድ፣ «ግብ ጠባቂ እንደነበርኩ ታውቃለህ?» አለኝ። አላውቅም ነበር።

ሰኞ ለልጅ ልጄ የቡድኑን መለያ ልገዛለት ብል አባቱ አልፈቀደም፤ ብዙ ደጋፊዎች ለባለቤቱ ኪስ አንጨምርም ብለው ከስታዲየሙ ሱቅ መግዛት ትተው ነበር። ስለዚህ ሌላ ሱቅ ሄደን ታኬታ ገዛሁለት። ሻጩ ቁጥሩን ሲጠይቅ እኔ አላወቅሁትም፤ ልጄ ነው የመለሰው። ቅዳሜ ደግሞ ካፊያ እየጣለ፣ ዣንጥላ ይዤ፣ ሰፈሩ ሜዳ ዳር ቆሜ ሲጫወት አየሁት። ተሸነፉ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሆነ። ቤኒቴዝ ቆዩ፤ በዓመቱ ቡድኑን ወደ ፕሪሚየር ሊጉ መለሱት፤ በ2019 ግን እርሳቸውም ለቀቁ። ባለቤቱ ክለቡን በመስከረም 2014 ዓ.ም. የሳዑዲ መንግሥት የኢንቨስትመንት ፈንድ ለሚመራው ቡድን ሸጠ። ከተማዋ ጨፈረች። ከአገሪቱ የሰብአዊ መብት አያያዝ ጋር አያይዘው የተቹም ነበሩ፤ ልጄ ራሱ ደስታውና ጥያቄው ዛሬም አብረው አሉ ይላል። መጋቢት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ኒውካስል በዌምብሌይ ሊቨርፑልን 2 ለ 1 አሸንፎ የሊግ ካፑን ወሰደ፤ ከ70 ዓመት በኋላ የመጣ የመጀመሪያው የአገር ውስጥ ዋንጫ ነው። አንዱን ያገባው በልጅነቱ ክለቡ አሰናብቶት የነበረው የአካባቢው ተወላጅ ዳን በርን ነው፤ ሌላውን ወላጆቹ ኤርትራውያን የሆኑት ስዊድናዊ አሌክሳንደር ኢሳክ። የልጅ ልጄ ደውሎ ሲያለቅስ ቃል አልወጣውም፤ ድምፁ ጎርነን ብሏል። እኔ ያሰብኩት እኚያን ባለ ፔርሙስ ሽማግሌ ነው። ደርሰውበት ይሆን?

ዋንጫውን ያመጣው ገንዘብ ነው ቢባል አልከራከርም። ነገር ግን ያ ሁሉ ሕዝብ ቡድኑ በወረደበት እሑድ ባይመጣ ኖሮ፣ ዋንጫው ሲመጣ ማን ይቀበለው ነበር?

እኔ ዛሬም ቆጣቢ ነኝ፤ ቁጠባ ለቤተሰብ መልካም ነው። ወላጆችና አያቶች ሆይ፣ ልጃችሁ ቅዳሜ ጨዋታ ካለው ግን ሂዱ። ታኬታው ለደመወዝ ይቆይ ቢባል ልጅ ይረዳል። መሄዱ አይቆይ።