መጨረሻውን ሳናይ የጀመርነው ዓመት

እኛ ኬንያ ውስጥ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ዓመቱ ሁለት ጊዜ ይለወጥልናል። በመስከረም ቄጠማ ጎዝጉዘን፣ ቡና አፍልተን እንቀበለዋለን፤ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ ደግሞ ትምህርት ቤት ሲከፈት ደብተር ገዝተን እንደገና እንጀምረዋለን። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ ጃንዋሪና ስለ አንድ ፊልም ነው።

ጊዜው እ.ኤ.አ. 2004፣ በእኛ አቆጣጠር 1996 ዓ.ም. ነበር። የ15 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከእናቴ ጋር ናይሮቢ፣ ኢስሊ ሰፈር፣ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን፤ እናቴ እንጀራ እየጋገረች በመሸጥ ታስተዳድረኝ ነበር። የአሜሪካ ፕሮሰስ ጀምረን ነበር። ሆኖም ከሴፕቴምበር 2001 የኒውዮርክ አደጋ በኋላ ወደዚያ የሚገቡ ስደተኞች ቁጥር በጣም ስለቀነሰ የእኛም ጉዳይ ባለበት ቆሞ ነበር።

በዚያ ወቅት እኔና የጎረቤታችን ልጅ በጉጉት የምንጠብቀው ሌላም ነገር ነበረን፤ «የቀለበቶቹ ጌታ» የተባለውን ፊልም የመጨረሻ ክፍል። የመጀመሪያው በ2001፣ ሁለተኛው በ2002፣ ሦስተኛው «የንጉሡ መመለስ» በ2003፣ ሁሉም በዲሴምበር ወር ነው የወጡት። ታሪኩ ፍሮዶ የሚባል ቁመቱ ከልጅ የማይበልጥ ሰው፣ ክፉ ቀለበት ይዞ እሳት በሚተፋ ተራራ ውስጥ ሊጥለው ከጓደኛው ከሳም ጋር ያደረገው ጉዞ ነው። የመጽሐፉ ደራሲ ቶልኪን እዚሁ አህጉራችን፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ብሉምፎንቴን ከተማ በጃንዋሪ 1892 ተወልዶ ገና በ12 ዓመቱ አባትም እናትም ያጣ ሰው ነበር። ይህን መጽሐፍ በ1937 ጀምሮ ታትሞ ያለቀለት በ1955 ነው።

ትምህርት ቤት ሊከፈት አንድ ቀን ሲቀረው፣ እሁድ ዕለት፣ ሲዲው ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ደረሰ። ፊልሙ ከሦስት ሰዓት በላይ ስለሚፈጅ ሦስት ሲዲ ሆኗል። ከሲኒማ አዳራሽ በድብቅ የተቀዳ ስለነበር በየመሀሉ የሰው ጭንቅላት ያልፍበታል፤ እኛ ግን ቅር አላለንም። በሦስተኛው ሲዲ ላይ ፍሮዶ ተራራው ወገብ ላይ ደክሞ ወደቀ። ሳም አንሥቶ አዘለው። በዚያው ምስሉ ቀጥ አለ። ባለቤቱ ሲዲውን አውጥቶ በሸሚዙ ጠረገው፣ እፍ አለበት፣ መልሶ ከተተው። እዚያው ቦታ ሲደርስ አሁንም ቆመ።

ተናድጄ ቤት ገባሁና፣ «እማዬ፣ ነገ ትምህርት ቤት አልሄድም» አልኳት። የተመዘገብኩት ኬንያ በ2003 የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን በነጻ ካደረገች በኋላ ሲሆን፣ ከክፍሌ ልጆች በዕድሜ ስለምበልጥ አፍር ነበር። «ልንሄድ አይደል? ስማችን እስኪወጣ ልጠብቅ» ብዬ ጨመርኩ።

እናቴ ሊጥ እያቦካች ነበር። ቀና ሳትል፣ «የዚያ ፊልም መጨረሻው ተሠርቷል?» አለችኝ።

«አዎ። የመጀመሪያው ሳይታይ በፊት ሦስቱንም አንድ ላይ ነው ያነሷቸው አሉ።»

«እንግዲያው እሱን ቁጭ ብለህ ብትጠብቀው ይመጣልሃል። የእኛን ማን ሠርቶ አስቀመጠውና ነው ቁጭ ብለህ የምትጠብቀው?»

መልስ አጣሁ። ሰኞ ሄድኩ። ፊልሙ በፌብሩዋሪ 2004 በታጨባቸው በ11ዱም ዘርፎች ኦስካር ሲሸለም፣ እኔ 8ኛ ክፍል ኋላ ወንበር ላይ የስዋሂሊ ግሥ አጠና ነበር። በኅዳር ተፈትኜ አለፍኩ።

መጨረሻውን ያየሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ በአንድ ጓደኛዬ ኮምፒውተር ነው። እንዳሰብኩት አልነበረም። ፍሮዶ ከእሳቱ አፋፍ ሲደርስ ቀለበቱን አልጥልም ብሎ እንቢ አለ፤ ቀለበቱ የጠፋው ሌላው ሲሻማው ይዞት ስለወደቀ ነው። ከአሥራ ሦስት ወር ጉዞ በኋላ፣ ልክ እንደ እኛ ዓመት የወራት ቁጥር፣ አገራቸው ገቡ። የት ነበራችሁ ብሎ የጠየቃቸው ግን አልነበረም። ፍሮዶም ቁስሉ ስላልሻረለት በመርከብ ሌላ አገር ሄደ። ሳም ደግሞ አግብቶ ልጆች ወለደ። ለካ እኔ መጨረሻ ያልኩት ለእነርሱ መጀመሪያ ኖሯል።

የእኛ ፕሮሰስ እስከ ዛሬ አልተቋጨም። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሦስተኛ ዓመት ላይ የምከፍለው አጥቼ አቋርጫለሁ፤ ያም መጨረሻው ያልታየ ሲዲ ሆኖ ተቀምጧል። ዘንድሮ ግን ካቆምኩበት ለመቀጠል ማመልከቻ አስገብቻለሁ። ይሳካ አይሳካ አላውቅም።

ወላጆች ሆይ፤ «ስንሄድ ትማራለህ» አትበሏቸው። ልጆች፤ ሰኞ ጠዋት ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ፤ የደከመውን ጓደኛችሁንም አብራችሁ አምጡት። እኔም ክፍል ውስጥ እጠብቃችኋለሁ።

መልካም የትምህርት ዘመን!