አርማታው ሳይፈስ

በሠራዊቱ ቤተሰብ ዘንድ ቤት የብዙ ዓመት ቁጠባ ፍሬ ነው። ባል በግዳጅ ላይ ሳለ ሚስት ከመቀነቷ ቋጥራ ያቆየችው ገንዘብ አንድ ቀን ለማታውቀው ግንበኛ በአደራ ይሰጣል። ይህን አደራ የሚቀበለውን ሰው በምን እንለየዋለን? በናይሮቢ ከተማ በነበርንበት ጊዜ በዚህ ጉዳይ ላይ ያየነውንና የሰማነውን ለቤተሰብ ዓምድ አንባቢያን ማካፈልን መርጠናል።

ሚያዝያ 21 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ በእኛ ዘንድ ስቅለት በዋለበት ዕለት ማታ፣ ብርቱ ዝናብ እየጣለ ሳለ ሁሩማ በተባለው የናይሮቢ ሰፈር ባለ 6 ፎቅ መኖሪያ ሕንፃ ከነነዋሪዎቹ ተደረመሰ። 50 ያህል ሰዎች አለቁ። አንዲት ጨቅላ ሕፃን ከ3 ቀን በኋላ፣ አንዲት ሴት ደግሞ በ6ኛው ቀን ከፍርስራሹ ሥር በሕይወት ወጡ። ሕንፃው በወንዝ ዳር ያለ ፈቃድ የተሠራ ነበር። ኪራይ ከፍለው የገቡት ቤተሰቦች ግን የግድግዳውን ውስጥ ሊያዩ አይችሉም ነበር።

አገሪቱ ሕግ አላጣችም። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ሕግ የተቋቋመው ብሔራዊ የኮንስትራክሽን ባለሥልጣን ተቋራጮችን ከ1ኛ እስከ 8ኛ ደረጃ መድቦ ይመዘግባል። ምዝገባውን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ይሁን እንጂ የምስክር ወረቀት ሲሚንቶ አያቦካም።

በዚያች ከተማ የምትኖር አንዲት እኅታችን፣ ባለቤቷ በሥራ ምክንያት ርቆ ስለነበር፣ የቤታቸውን ማስፋፊያ ብቻዋን ስትመራ ተመልክተናል። ሁለት ተቋራጮች ቀረቡ። የመጀመሪያው አንደበተ ርቱዕ፣ ዋጋውም ዝቅተኛ ነበር፤ የገንዘቡን እኩሌታ ግን በቀብድ ጠየቀ። ሁለተኛው ጥቂት ከተናገረ በኋላ ዶማ አስመጥቶ መሬቱን አስቆፈረ። የወጣው አፈር በዝናብ የሚያብጥ፣ በበጋ የሚሰነጣጠቅ ጥቁር መሬት ነበር፤ የቦሌንና የአቃቂን ዋልካ የሚያውቅ ሰው ጠባዩን አይስተውም። ጠንካራው መሬት እስኪገኝ ካልተቆፈረ ሥራውን እንደማይቀበል አስታወቀ። የዋጋው ብልጫም ከዚህ የመጣ ነበር።

እኅታችን በዚህ ብቻ አልረካችም። ቀደም ሲል የሠራቸውን 3 ቤቶች አድራሻ ተቀብላ ባለቤቶቹን በየቤታቸው አነጋገረች። ቤቱ ማማሩን አልጠየቀችም፤ «ከክረምት በኋላ ስንጥቅ ሲታይ ጠርታችሁት መጣ?» የሚል ነበር ጥያቄዋ። እኛ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አላገኘንም።

ክፍያው ሥራው በደረሰበት ልክ እንዲሆን፣ የመጨረሻውም ድርሻ ከርክክብ በኋላ እንዲከፈል በምስክር ፊት ተጻፈ። በአገራችንም የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ተቋራጩ ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ስለ ሕንፃው ጥንካሬ ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል፤ ሆኖም የቃል ስምምነት ዳኛ ፊት ሲቀርብ ማስረጃ ያጣል።

ዋናው ፈተና የመጣው አርማታ በሚሞላበት ጠዋት ነው። ተቋራጩ ገና አልደረሰም። እኅታችን የልብስ ስፌት ሜትሯን ይዛ የቋሚውን ብረት የሚያቅፉትን ስታፋዎች ስትለካ፣ በፕላኑ 20 ሴንቲ ሜትር የተባለው ርቀት በአንዳንዱ ቦታ ከ30 በልጦ ተገኘ። ፉንዲዎቹ፣ ማለትም ግንበኞቹ፣ «ማማ፣ አርማታው ይሸፍነዋል» አሏት። እርስዋም አርማታው የሚሸፍነው በመሆኑ ነው የምለካው ብላ ሥራውን አስቆመች።

ተቋራጩ ሲደርስ ፊቱ ጠቆረ፤ ቀኑም የሠራተኛውም ደመወዝ እየባከነ ነበር። ሜትሩን ተቀብሎ ራሱ ለካ። ከዚያም የታሰረው ሁሉ እንዲፈታ አዘዘ፤ ወጪውንም ከራሱ ቻለ። በእኛ ግምት ሰውየው የታመነው በዚያች ሰዓት እንጂ ውሉ በተፈረመበት ቀን አይደለም።

አርማታው በማግስቱ ተሞላ። ከዚያ በኋላ በነበሩት 7 ቀናት እኅታችን ከሁለት ልጆችዋ ጋር ጠዋትና ማታ ውኃ ስታጠጣው፣ ተቋራጩም ማለዳ እየመጣ እርጥበቱን በእጁ እየዳሰሰ ወደ ሌላው ሥራው ይሄድ ነበር።