የተቀበረው መክሊትና የተቀበረው ዘር

የዐቢይ ጾም ስድስተኛው ሰንበት ገብር ኄር ይባላል። በዚህ ዕለት በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 25 የተጻፈው የመክሊት ምሳሌ ይነበባል። በወላይታ ሶዶ ዙሪያ ደግሞ ወራቱ የበልግ ዝናም በዳሞታ ተራራ ግርጌ መሬቱን የሚያለሰልስበት፣ በቆሎም የሚዘራበት ነው።

አንድ ዓመት በሰንበቱ ማግሥት አንድ የገበሬ ልጅ፣ «መምህር፣ ያ አገልጋይ መክሊቱን ስለ ቀበረ ለምን ተቀጣ? አባቴስ በቆሎውን ይቀብር የለምን?» ሲል ጠየቀን። ክፍሉ ሳቀ፤ እኛ ግን አልሳቅንም። የበልግ መዝሪያ በብዙ ቤት ጎተራው የሚራቆትበት ወር ነውና። በ1977 ዓ.ም. አገሪቱን የመታው ረኃብ ወላይታንም አላለፈም፤ የሚያስታውሱት ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ። ልጆቹ እያዩት የሚበላውን እህል ወደ አፈር የሚጥል አባት ይፈራል፤ ዝናም የሚቀርበት ዓመት አለ። ገብር ሐካይም ፈርቶ ነበር። ነገር ግን እርሱ የቀበረው መክሊቱ ከእጁ እንዳይወጣ ሲሆን፣ ገበሬው የሚቀብረው ከእጁ አውጥቶ ነው። ለልጁም ይህንኑ መለስንለት።

ዘሩን የበላ ጎረቤት ግን ምን ይቅበር? (ልጆቹ ተርበው የበላውን ሰው ሐካይ ማለት ድፍረት ነው።) ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 ጾምን ለተራበ ከማካፈል አይለየውም። በጾም የተተወ የቁርስ ወጪ በገበያ ጥቂት ጣሳ የበቆሎ ዘር ይገዛል። ትንሣኤን ቢጠብቁበት ግን እርጥበቱ ሊያልፍ ይችላል።