በቤት ለሚማር ልጅ የሚመረጥ መጽሐፍ

በነቀምቴና በወለጋ ከተሞች ልጁን በቤቱ ሊያስተምር የሚወድ አባት፥ መጽሐፍ ሲገዛ የሚመለከተው ብዙውን ጊዜ የገጹን ብዛት ነው። ዳሩ ግን አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው፥ ልጁ ከእናቱ አፍ የሰማውን ቃል በውስጡ ማግኘቱ ነው።

የዚህን ነገር ክብደት ኦነሲሞስ ነሲብ በራሱ አይቶታል። በሕፃንነቱ ተሰርቆ ስለ ተሸጠ፥ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ሲመልስ የአገሩ ቃል ያጥረው ነበር። ጉድለቱን የሞላችለት በ1886 ከባርነት ነፃ የወጣችው አስቴር ጋኖ ናት (ዘመኑ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ነው)። እርስዋም ከልጅነትዋ ያልጠፋባትን ተረት፥ ምሳሌና ዘፈን ጻፈች። የማንበቢያው መጽሐፍ በ1894 በምፅዋ አጠገብ፥ በእምኩሉ ታተመ፤ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ግን የታተመው በ1899 ነው። ተረቱ መቅደሙ መልካም ሆነ፤ ሕፃን በተረት ንባብ ይለምዳልና። በ1904 ወደ ነቀምቴ ተመልሰው በኦሮምኛ ያስተምሩ ጀመር፤ ተቃውሞም አልታጣባቸውም።

ያ መጽሐፍ የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ነው። ከ1991 ወዲህ ግን ኦሮምኛ በቁቤ ስለሚጻፍ፥ የዛሬው ልጅ ብቻውን ሊያነበው ይቸገራል። ፊደል የቆጠረች አያት በቤት ካለች፥ እርስዋ ጮኻ ታንብብለት፤ ልጁም የሰማውን በቁቤ በደብተሩ ይጻፈው።