የስንቅ ከረጢት

ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ሻንጣ የሚመዘንበትን ሥፍራ የሚያውቅ ሰው ያንን ትዕይንት አይስተውም። ሙሉ ልብስ የለበሰ ጎልማሳ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ሻንጣውን በርግዶ ከፍቷል፤ አንዲት እናት በርበሬ የታሰረበትን ጥቅል ከአንዱ ሻንጣ አውጥታ ወደ ሌላው ታሸጋግራለች፤ ሰልፉ ከኋላ ያጉረመርማል፤ የሚዛኑ ቁጥር ግን ለማንም አያዝንም። 23 ኪሎ ከተባለ 23 ኪሎ ነው። ሰው በቤቱ እንኳ ለእንግዳ የማያሳየው ገመናው፣ የውስጥ ልብሱ፣ የእናቱ ስንቅ በመቶ ዐይን ፊት ይዘረገፋል። እኔም ከእነዚያ ተንበርካኪዎች አንዱ ነበርሁ። ስለ ሻንጣ ከረጢቶች ልጽፍ የተነሣሁትም በዚያ ወለል ላይ በሠራሁት ስህተት ምክንያት ነው።

በፈረንጅ ስማቸው ‹‹ፓኪንግ ኪዩብ›› ይባላሉ። ባለ ዚፕ፣ አራት ማዕዘን፣ ሻንጣ ውስጥ እንደ ጡብ የሚደረደሩ ከረጢቶች ናቸው፤ ሸሚዙ ለብቻ፣ ካልሲው ለብቻ፣ የተበላው ልብስ ለብቻ ይገባባቸዋል። ስሙ አዲስ ቢሆንም ሐሳቡ ለእኛ አዲስ አይደለም። የቀድሞ መንገደኛ በሶውን በስልቻ፣ ቅቤውን በቅል፣ ምሳውን በሣር ተሰፍቶ በቆዳ በተለበጠ አገልግል ለይቶ ነበር የሚጭነው። እናቴ ደግሞ ይህን ሁሉ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ታደርገው ነበር። ሽሮው በአንድ ቋጠሮ፣ በሶው በሁለት ቋጠሮ፣ በርበሬው ጫፉ እንደ ጆሮ በቆመ ቋጠሮ። እኔ ናይሮቢ ደርሼ ቋጠሮዎቹን ስፈታ የትኛው ምን እንደሆነ ሳልከፍት አውቀው ነበር።

ለራሴ ዕቃ ግን ለብዙ ዓመታት የተጠቀምሁት ፌስታል ነው። ጫማ በፌስታል፣ ሳሙና በፌስታል፣ እርጥብ ፎጣ በፌስታል። ይህም ልማድ ኬንያ እ.ኤ.አ. ኦገስት 28 ቀን 2017 የፌስታል እገዳዋን ሥራ ላይ ባዋለችበት ዕለት አበቃ። ከውጭ የሚመጣ መንገደኛ እንኳ የገበያ ፌስታሉን አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ትቶ እንዲገባ ታዘዘ። ሩዋንዳ ከ2008 ጀምሮ እንዲሁ ታደርግ ነበር፤ ታንዛኒያም በጁን 2019 ተከተለች። በዚህ በእኛ አካባቢ የሚመላለስ ሰው ሻንጣውን በፌስታል መደልደሉን የተወው ወድዶ ሳይሆን ተገድዶ ነው ማለት ይቻላል።

ከእገዳው ጥቂት ወራት በኋላ ኢስሊ ከሚገኝ አንድ ሱቅ አምስት ከረጢቶች ገዛሁ። ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም እኩል፣ ጨርቃቸው እንደ ድንኳን የወፈረ። ነጋዴው አንዱን ይዞ በሁለት እጁ እየወጠረ ‹‹እስከ ልጅ ልጅህ ይቆያል›› አለኝ። እውነቱን ነው፤ እስካሁን አሉ። እዚያው ቆሜ ስለ ክብደታቸው መጠየቅ አልመጣልኝም። ባዶ ከረጢት ምን ይመዝናል ብዬ?

በ2018 የመጀመሪያ ልጃችን ናይሮቢ ውስጥ ተወለደች። የባለቤቴ እናት በሕይወት አልነበሩም። የእኔ እናት መጥታ አራሷን ልትጠይቅ፣ ልታርስ፣ ብዙ ተመኝታ ነበር፤ ጉልበቷ ግን ደረጃ እንኳ አላስወጣት ብሎ ቀረች። ሕፃኗ በተወለደች በሦስተኛው ሳምንት ለአጎቴ ሐዘን አዲስ አበባ ስደርስ እናቴ አጥሚቱን አዘጋጅታ ጠበቀችኝ። አጃውና ገብሱ ተለቅሞ፣ ተፈትጎ፣ ታምሶ፣ ተፈጭቶ፣ እንደገና ተነፍቶ። እህቴ እንደነገረችኝ ወንፊቱን ለማንም አልሰጠችም፤ ተቀምጣ በገዛ እጇ ነፋችው። መምጣት ያልቻለች አያት በምትኩ የላከችው አጥሚት ነበር።

እኔ ደግሞ በአዲሶቹ ከረጢቶቼ እየተመጻደቅሁ ቋጠሮዎቿን ሁሉ ሰብስቤ ከተትኋቸው። ‹‹እንዲህ ነው የዘመኑ ሰው የሚጓዘው›› አልኋት። እሷም አምስቱን ጥቁር ጡቦች ተራ በተራ ዳሰሰችና ‹‹ታዲያ የቱ ምን እንደሆነ በምን ታውቀዋለህ?›› አለችኝ። ምን ብዬ እንደመለስሁላት አላስታውስም።

ሚዛኑ ላይ 25 ኪሎ ከምናምን አለ። ርካሹን ትኬት ስለነበር የቆረጥሁት ከአንድ ሻንጣ በላይ አልተፈቀደልኝም። ትርፉን መክፈል ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ለሐዘኑ ካወጣሁት በኋላ ኪሴ ውስጥ የቀረው የታክሲ ብቻ ነው። ተንበረከክሁ። ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ይገፋፋል፤ አምስቱም ከረጢቶች አንድ ዓይነት ናቸው። ሁለት ዱቄት የያዙትን ዳበስኋቸው፤ በዚያ ወፍራም ጨርቅ ውስጥ ሁለቱም ድንጋይ ናቸው። አንዱን ሽሮ ነው ብዬ አወጣሁት፤ ሽሮ ናይሮቢም አይጠፋም። ከውጭ ይጠብቀኝ ለነበረው የእህቴ ልጅ ስልክ ደውዬ በበሩ በኩል አቀበልሁትና እየሮጥሁ ገባሁ።

ናይሮቢ ደርሼ ስከፍተው በእጄ ያለው ሽሮው ነበር።

የእህቴ ልጅ ከረጢቱን ይዞ ቤት ሲመለስ እናቴ ተቀብላ ከፈተችው። ቋጠሮውን አየች። ‹‹ከብዶት ይሆናል›› ብላ ሣጥኑ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ በስልክ ስንነጋገር ስለ አጥሚቱ ቃል አልተነፈሰችም፤ እኔም በስህተት መሆኑን ለመናገር አፍሬ ሳምንታት አሳለፍሁ። በመጨረሻ ስነግራት ‹‹ተወው፣ ለጎረቤት አራስ ሰጠሁት፤ የትም ይጠጣ›› አለችኝ። ይህን ቃል ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ይቅርታም ነበረበት፣ ሌላ ነገርም ነበረበት።

በዚያው ሰሞን የወጥ ቤት ሚዛን ላይ አምስቱን ባዶ ከረጢቶች ጫንኋቸው። 1 ኪሎ ከ150 ግራም። ማለትም እኔን ካንበረከከኝ ትርፍ ግማሽ ያህሉ ስንቅም፣ ልብስም፣ መጽሐፍም አልነበረም፤ ዕቃ ለመለየት ብዬ የገዛሁት ጨርቅና ዚፕ ነበር።

ስለ ጨርቅ መጠየቅ የጀመርሁት ከዚያ ወዲህ ነው። የክር ውፍረት ዴኒየር በሚባል መስፈሪያ ይለካል፤ 9,000 ሜትር ክር በግራም የሚመዝነው ማለት ነው። 30 ዴኒየር የሆነ ክር ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ተዘርግቶ 30 ግራም ብቻ ይመዝናል። የእኔ ጥቁሮች ምልክት ላይ የተጻፈው 600 ነበር፤ ለጀርባ ቦርሳና ለሻንጣው ለራሱ የሚሆን ጨርቅ ነው። ሻንጣው ከውጭ ድንጋይና ዝናብ ይመታዋል፤ ከረጢቱ ግን በሻንጣው ሆድ ውስጥ ተኝቶ ከማን ጋር ይዋጋል? ጥንካሬው ያለ ቦታው የዋለ ጥንካሬ ነው። ቀጭኑ ናይለን ይቀደዳል ብሎ ለሚሰጋ ደግሞ መላ ተበጅቶለታል፤ በየጥቂት ሚሊ ሜትሩ ወፈር ያለ ክር በቁምና በአግድም እየገባ ጨርቁን በትናንሽ ካሬዎች ይከፋፍለዋል፤ ቀዳዳ ቢፈጠር ካሬው ጠርዝ ላይ ይገታል። ጨርቁን ወደ ብርሃን ቢያነሡት እነዚህ ካሬዎች ይታያሉ፤ የሻጭ ቃል ከመስማት ይህን ማየት ይሻላል።

ጨርቁ ከቀጠነ በኋላ የሚከብደው ዚፑ ነው። ብረት ዚፕ ለዚህ ሥራ ከንቱ ክብደት ነው፤ ቀጭን የፕላስቲክ ዚፕ ይበቃል፤ ነገር ግን ጥርሱ በዱቄት እንዳይያዝ ዱቄት ያለ መጀመሪያ መጠቅለያ በቀጥታ አይገባም። የእናቴ የነጠላ ቁራጭ ለዚህም ቢሆን ከሁሉ የበለጠ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

አንድ የማልወደው ዓይነት አለ። አየሩን አስወጥቶ ልብሱን የሚጨምቅ ባለ ሁለት ዚፕ ከረጢት ነው። ብዙዎች ያደንቁታል፤ ቦታ ይቆጥባል መባሉም እውነት ነው። ግን ቦታን እንጂ ኪሎን አይቀንስም። ሻንጣው ውስጥ ክፍተት ሲያይ ሰው ባዶውን አያልፈውም፤ ሌላ ነገር ይጨምራል፤ ወገቡ እስኪቆረጥ የሚሸከመውም እንዲህ ነው። ትልልቆቹንም አልመክርም። በአንድ እጅ የሚነሣ፣ አንድ ኪሎ ወይም አንድ ኪሎ ተኩል የሚይዝ ትንሽ ከረጢት ሚዛን ፊት ለቆመ ሰው የቁርጥ ቀን ወዳጅ ነው፤ ምን እንደሚያወጣና ስንት እንደሚቀንስለት አስቀድሞ ያውቃል።

ጊኮምባ ውስጥ፣ ሰልባጅ ከሚሸጥበት መደዳ፣ ከብዙ ፍለጋ በኋላ ስድስት ስስ ናይለን ከረጢቶች አገኘሁ። ቀለማቸው የተዘበራረቀ ነው፤ አንዱ ላይ የቀድሞ ባለቤቱ ስም በእስክሪብቶ ተጽፎበታል። ስድስቱ ተደምረው 210 ግራም።

በ2023 ይዣቸው ወደ አዲስ አበባ ሄድሁ። የእናቴ ዐይን በሞራ ደክሞ ነበር፤ ቀዶ ጥገናውን ዛሬ ነገ እያለች አዘግይታዋለች። የመመለሻዬ ዋዜማ ማታ ሻንጣዬ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ቢጫው የሽሮ፣ ሰማያዊው የበሶ ነው ብዬ ላስረዳት ስጀምር ‹‹ቀለሙን ተወው›› አለችኝ። ከረጢቶቹን ጭኗ ላይ እያስቀመጠች በጣቶቿ ትዳብሳቸው ጀመር። ስሱ ናይለን ከታች ያለውን የነጠላ ቋጠሮ አይሸሽግም። ‹‹ይሄ ሽሮ ነው። ይሄ በርበሬ ነው፣ ጆሮው ይኸው። ይሄ በሶ።›› አንድም አልሳተችም። ክብደት ለመቆጠብ ብዬ የገዛሁት ጨርቅ እንዲህም እንደሚያገለግል ሳስብ አልገዛሁትም።

ስድስተኛውን አንሥታ ያለ ቃል ሰጠችኝ። ሦስት ቋጠሮ ነበረው።

‹‹አጥሚት ነው?›› አልኋት።

‹‹እንግዲህ።››

‹‹እማዬ፣ ልጅቷ እኮ አምስት ዓመቷ ነው። አራስ የለንም።››

‹‹እናቷ ትጠጣው። አምስት ዓመት ነው ያዘገየሃት።››

በማግሥቱ ሚዛኑ 24 ኪሎ ከ200 አለ። ከረጢቶቹን ሳልነካ ከሻንጣው ሥር ወፍራሙን የቆዳ ጫማዬን መዝዤ አወጣሁትና ለእህቴ ልጅ ደወልሁለት። እግሩ ከእኔ በሁለት ቁጥር ይበልጣል፤ ምን እንዳደረገው እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም።